ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን ከመፈረምሽ በፊት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12

የኔ ልጅ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ትናንት በስልክ «እማ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ስትዪኝ የምትጠብቂው አንድ ቃል ነበር። አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ያንን ቃል እኔም ሆንኩ ሐኪምሽ ልንሰጥሽ አንችልም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሁለተኛው የወገብ ኦፕራሲዮን ምኑን ነው የሚያስተካክለው? «ሕመሙን» የሚል መልስ አትቀበዪ። ኦፕራሲዮን ሕመም ቆርጦ አያወጣም። ነርቭ ላይ የተጫነ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ቁራጭ ያወጣል፣ የጠበበ ቀዳዳ ያሰፋል፣ የላላ ብሎን ይቀይራል፣ ከቦታው የሚንሸራተት አጥንት ያስራል፣ መግል ያጥባል። ከእነዚህ አንዱ በስሙ ተጠርቶ፣ የትኛው አጥንት መሃል፣ በየትኛው ጎን እንዳለ ካልተነገረሽ ፊርማሽን አትስጪ። በእናትነቴ ብቻ ሳይሆን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነቴም ነው የምልሽ። በወረቀት የጻፍኩልሽም ወደ ሐኪምሽ ስትገቢ ይዘሽው እንድትገቢ ነው።

በመጀመሪያ ለቀጠሮ የማይቆየውን ልንገርሽ። ሽንትሽ አልመጣ ካለሽ ወይም ሳታውቂው ካመለጠሽ፣ ስትታጠቢ ብልትሽና መቀመጫሽ ዙሪያ ውኃው ካልተሰማሽ፣ ሁለቱም እግሮችሽ ባንዴ ከዛሉ፣ ወይም የግራ እግርሽ መዳፍ ወደ ላይ አልነሳ ብሎ ጫማሽ መሬት መጎተት ከጀመረ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። በወገብ አጥንት ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው የነርቭ ጥቅል እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል፤ ፊኛና አንጀት ከዘገየ ሕክምና በኋላ ላይመለሱ ይችላሉ። ሸንተሽ እንደጨረስሽ ፊኛሽን በአልትራሳውንድ እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከቀረ ጥርጣሬው ይጠነክራል፣ ኤምአርአዩም (በማግኔት የሚነሳው የወገብ ምስል) በዚያው ቀን መነሳት አለበት። እስካሁን እንደነገርሽኝ ከሆነ ከዚህ አንዱም የለብሽም፤ ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ አለሽ። «ነገ ካልገባሽ ሽባ ትሆኛለሽ» የሚልሽ ሰው ካለ የትኛውን ምልክት አይቶ እንደሆነ ጠይቂው።

ሕመሙ መቼ እንደተመለሰ ብዙ ነገር ይናገራል። ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣም እግሩ ያው የነበረ ሰው፣ ወይ ሌላ ዲስክ ተከፍቶለታል፣ ወይ ቁራጭ ቀርቶበታል፣ ወይ ነርቩ የሚወጣበት የጎን ቀዳዳ ሳይሰፋ ቀርቷል፣ ወይ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥፋተኛው ዲስኩ አልነበረም። ሁለት ሦስት ሳምንት ተሽሎት ከዚያ ወገቡ ሌት ተቀን የሚያንገበግበው ሰው ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ነው። ከወራት በኋላ ቀስ እያለ የሚመጣ ማቃጠል ወደ ጠባሳ ያመለክታል። ደህና ከርሞ ባንዴ፣ ሲያስነጥስ ወይም ጀሪካን ሲያነሳ፣ በዚያው እግር የወረደ ሕመም ደግሞ ዲስኩ ዳግም መውጣቱን ያስጠረጥራል። ይህኛው ብርቅ አይደለም፤ የዲስክ ኦፕራሲዮን ካደረጉ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ላይ ይደርሳል፣ የሐኪሙም የታካሚውም ጥፋት ላይኖርበት ይችላል። አንቺ ሦስት ወር ደህና ሆነሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የተመለሰብሽ። ያ ሳምንት ምን ስትሠሪ እንደነበር፣ ባንዴ ይሁን ቀስ በቀስ፣ አስታውሰሽ ጻፊው። ሐኪም ቤት ውስጥ በአምስት ደቂቃ አይታወስም።

አሁን ደግሞ እግርሽን ራስሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ። የተከፈተው ኤል5-ኤስ1፣ ማለትም በመጨረሻው የወገብ አጥንትና ከሱ በታች ባለው አጥንት መሃል ያለው ዲስክ፣ በግራ በኩል ነበር። እዚያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው ኤስ1 የሚባለው ነርቭ ነው፤ መንገዱ ከመቀመጫ በጭን ኋላ፣ በባት አድርጎ እስከ ትንሿ ጣትና የእግር ውጪያዊ ጠርዝ ነው። ግድግዳውን በጣትሽ ጫፍ ብቻ ያዢና በግራ እግርሽ ቁሚ፤ ተረከዝሽን ከመሬት እያነሳሽ አሥር ጊዜ ቁጠሪ። በቀኙ ድገሚ። ቀኙ አሥሩን ጨርሶ ግራው በአራተኛው ላይ ከተንቀጠቀጠ የኤስ1 ጡንቻ ደክሟል። አሥሩንም እኩል ከሠሩ ነርቩ ቢቆጣም ጉልበቱን አላጣም፤ ይህ ደግሞ ለመታገስ ጥሩ ምክንያት ነው። ሕመሙና መደንዘዙ አውራ ጣትሽ ላይ ከሆነ፣ ወይም በተረከዝሽ መራመድ ካቃተሽ፣ የኤል5 ነርቭ ነው። ያኔ ምስሉ ኤስ1 ላይ የተጫነ ነገር ቢያሳይ እንኳ ሁለቱ አልተጋጠሙም፣ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብሽሽትሽ ላይ የሚጠዘጥዝ ከሆነ የዳሌ መገጣጠሚያ ይታይ፤ ከወገብሽ ዝቅ ብሎ፣ ከመቀመጫሽ በላይ በጎን በኩል፣ በአንድ ጣት የምትጠቁሚው ከሆነ አከርካሪ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚያያዝበት መገጣጠሚያ ይመርመር። ለእነዚህ ሁለቱ ወገብን ደግሞ መክፈት ፋይዳ የለውም።

የላክሽልኝን የኤምአርአይ ሪፖርት አነበብኩት። «ኤል5-ኤስ1 ላይ ነርቩን የከበበ ነገር ይታያል፤ ጠባሳ ወይም ዳግም የወጣ ዲስክ ሊሆን ይችላል» ይላል። የውሳኔሽ ግማሽ ያለው በዚያች «ወይም» ውስጥ ነው። ምስሉ የተነሳው ያለ መርፌ ስለሆነ ራዲዮሎጂስቱ ከዚህ በላይ ማለት አልቻለም። አንዴ በተከፈተ ወገብ ላይ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ነው የሚታዩት። ጋዶሊኒየም የሚባለው መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ሲገባ ግን ይለያያሉ። ጠባሳ የራሱ ደም ሥር ስላለው መድኃኒቱን ወዲያው ይጠጣና ሙሉ ለሙሉ ያበራል። ዲስክ ደም ሥር የለውም፤ መሃሉ ጥቁር ሆኖ ይቀርና ዙሪያውን ብቻ ቀጭን ነጭ ቀለበት ይይዛል። ምስሉ መርፌው እንደተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ መነሳት አለበት። ግማሽ ሰዓት ከቆየ ዲስኩም ቀስ እያለ ስለሚጠጣው ልዩነቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ማዘዣው ላይ «ከመርፌ በፊትና ወዲያው በኋላ፣ ቀድሞ የተከፈተ ኤል5-ኤስ1 ግራ» ተብሎ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ከዚያ በፊት የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ ይሠራልሽ። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ስምንት ወር ስላለፈው ለምስሉ ጊዜው ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢሆን እብጠቱ ራሱ ዲስክ ይመስል ነበር።

በዚያው ቀን ደም ስጪ፤ ሲአርፒና ኢኤስአር፣ ሰውነት ውስጥ ቁጣ ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን የሚጠቁሙ ሁለት የደም ምርመራዎች። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲአርፒ ከፍ ይልና በሁለት ሳምንት ገደማ ይወርዳል፣ ኢኤስአር ግን ሳምንታት ይቆያል። በስምንተኛው ወር ሁለቱም መውረድ ነበረባቸው። ከፍ ብለው ከተገኙ ስለ ዲስክ ማውራት ይቁምና ኢንፌክሽን ይፈለግ። እኛ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢን ሳያስቡ ማለፍ አይቻልም። የማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ስትተኚ እንኳ የማያሳርፍ የወገብ ሕመም ካለሽ ተናገሪ። ገጠር ከሄድሽበት ጊዜ ያልተፈላ ወተት ጠጥተሽ እንደሆነም አትደብቂ፤ ከከብት በወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ወገብ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም በዋናነት በመድኃኒት ነው የሚታከሙት።

አሁን ወደ ብረቱ ልምጣ፤ ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ሐኪምሽ «ደግመን እንክፈተውና በብሎን እንሰረው» ብሎሻል። ዲስኩ ዳግም ወጥቶ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነና አጥንቱ የማይንሸራተት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቁራጩን ብቻ ማውጣት ይበቃል። ብሎን የሚታሰበው አጥንቱ ከቦታው ሲንቀሳቀስ፣ ቅርጹ ሲዛባ፣ ከእግሩ ይልቅ ወገቡ ራሱ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ወይም ዲስኩ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ነው። መንቀሳቀሱን የሚያሳየው ተኝተሽ የምትነሺው ኤምአርአይ አይደለም። ቆመሽ ጎንበስ ብለሽ አንድ፣ ወደ ኋላ ቀና ብለሽ አንድ የጎን ራጅ ያስፈልጋል፤ አጥንቱ በሁለቱ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ይለካል። ርካሽ ምርመራ ነው፣ አንቺ ግን እስካሁን አልተነሳሽም። ሐኪምሽ ያለዚህ ራጅ ብሎን የሚያስገባበትን ምክንያት ማስረዳት አለበት። ብሎን ከገባ በኋላ አጥንቱ እስኪያያዝ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ካልተያያዘ ብሎኑ ይላላል፣ በሲቲ ስካን ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ሆኖ ይታያል። የታሰረው አጥንት የማይሸከመውን እንቅስቃሴ ደግሞ ከላዩ ያለው ዲስክ ስለሚሸከም ከዓመታት በኋላ እሱ ይደክማል። ቫይታሚን ዲሽንና ስኳርሽን ሳይመረምሩ ወደዚያ መግባት አይገባም።

ስለ ውጤቱ እውነቱን ማወቅ ይገባሻል። ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር የመሻል ዕድል ይቀንሳል። ግን ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ወራት ደህና ሆኖ የቆየ፣ ሕመሙ ከወገብ ይልቅ እግር ላይ የሆነ፣ በመርፌ ምስል እውነተኛ ዲስክ የታየበት ሰው በሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው የሚቀራረብ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። ጠባሳ ብቻ ያለበት ሰው ግን ጠባሳውን ማንሣት ብዙም አይጠቅመውም፤ የተነሳው ጠባሳ ሌላ ጠባሳ ያበቅላል። ሁለተኛ ሲከፈት ነርቩን የሸፈነው ስስ ሽፋን ከጠባሳው ጋር እንደ ሙጫ ተጣብቆ ስለሚገኝ የመቀደድ ዕድሉ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከተቀደደ ፈሳሹ ይወጣል፤ ምልክቱም ቀና ስትዪ የሚፈነዳ፣ ስትተኚ የሚለቅ ራስ ምታት ነው። ብዙ ጊዜ በመስፋትና በመተኛት ይድናል፣ ግን ይህ ሊሆን እንደሚችል ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ።

ምስሉና ምርመራው ካልተስማሙ አንድ መሃል መንገድ አለ። በራጅ እየታየ በኤስ1 ነርቭ ሥር ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋል። በሚቀጥሉት ሰዓታት ሕመምሽ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ሕመሙ ከዚያ ነርቭ እንደሚመጣ ይደገፋል። በየሰዓቱ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እየሰጠሽ ወረቀት ላይ አስፍሪ፣ ወዲያው ደግሞ ተራመጂ፤ ተኝተሽ ከጠበቅሽ ምንም አታውቂም።

ጠባሳ ሆኖ ከተገኘ ወይም በኦፕራሲዮን የሚነካ ነገር ከሌለ፣ «አይሆንም» የሚለውን መልስ እንደ መተው አትቁጠሪው። ሌላ ሥራ ይጀመራል። ለወገብ ጡንቻ የሚሆን እንቅስቃሴ ከባለሙያ ጋር፣ በየቀኑ ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ እርምጃ፣ በየሦስት ቀኑ ሁለት ደቂቃ እየጨመርሽ። ሕመሙ ሲባባስ ወደ ዜሮ አትመለሺ፣ ባለፈው ሳምንት መጠን ተራመጂ። ፕሪጋባሊን የሚባለውን የነርቭ ሕመም መድኃኒት ከሰጡሽ ልኩን ጠብቂ፤ ለእግር ነርቭ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ በተደረገ ጥናት መድኃኒት ከሌለበት ክኒን አልተሻለም። ከጀመርሽው ግን ባንዴ አታቁሚ፣ ቀስ በቀስ ይቀነስ። የሕመም ማስታገሻውን ትራማዶልን ለነርቭ ሕመም ከሚሰጠው ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ያለ ሐኪም አትውሰጂ፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ አከርካሪን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ መሣሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ደጋሚ ኦፕራሲዮን ከተመደቡላቸው 26 ሰዎች 3ቱ፣ መሣሪያው ከተመደበላቸው 19 ሰዎች 9ኙ ነው የተሳካላቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ግን አንድ ዓይነቱን የበራና የጠፋ አድርጎ ሲያወዳድረው ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ማንም «ፈውስ» ብሎ ቢሸጥልሽ አትመኚ፤ ቢታሰብ እንኳ ለሳምንት ያህል ተሞክሮ ግማሽ ያህል ሕመም ሳይቀንስ አይቀበርም።

ወጌሻ ወገብሽን እንዳይነካብሽ እለምንሻለሁ። ዘመዶቻችን በቀና ልብ እንደሚሉሽ አውቃለሁ፤ ለተከፈተ ወገብ ግን አይሆንም። ጸበሉን ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።

አሁን የምትሠሪው ይህን ነው። ሰኞ ካርድ ክፍል ሄደሽ የኦፕራሲዮን ማስታወሻውን ቅጂ ጠይቂ። የምፈልገው ማጠቃለያውን አይደለም፣ ሐኪሙ በዚያው ቀን የጻፈውን ነው። የትኛው ዲስክ እንደሆነ በኦፕራሲዮን መሃል በራጅ ተረጋግጦ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደወጣ፣ የነርቩ ሽፋን ተቀድዶ እንደነበር እዚያ ላይ አለ። ከዚያ ሁለቱን ኤምአርአይ፣ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ያለውን፣ በሲዲ ውሰጂ፤ የታተመው ፊልም አይበቃም። ሁለተኛ አስተያየት ስትጠይቂ የመጀመሪያውን ሐኪም ምክር ሳትነግሪ ሲዲውን ብቻ ስጪ፤ ሳይሰማ የሚያስበውን እንድትሰሚ። ሕንድ ወይም ባንኮክ ለመሄድ ያሰብሽው ነገር ደግሞ ይቆይ። ሲዲው ቀድሞ ሄዶ፣ የሚከፈተው ቦታ በስም ተጽፎ ሳይመጣ ትኬት አትቁረጪ። ስትመለሺ ቁስሉን እዚህ ማን እንደሚያይልሽም ቀድሞ ይታወቅ።

የሲዲውን አንድ ቅጂ ቅዳሜ ወደዚህ ለምትመጣው አክስትሽ ስጪልኝ፤ ከተረከዝ ቆጠራሽ ጋር፣ የግራውንም የቀኙንም ቁጥር ጽፈሽ። ሽንትሽ ካስቸገረሽ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ። መጀመሪያ መኪና ያዢ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ሆነሽ ደውዪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ