ሦስቱ ፉርጎዎች

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ ስለምሠራቸው ትንንሽ የባቡር ሞዴሎች «ፉርጎዎቹ የት ደረሱ?» ሲሉኝ ወሬ አስቀየርኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አራት ወር አልነካኋቸውም ነበር። የጀመርኩ ሰሞን ጉጉቴ ልክ አልነበረውም። እዚህ ጀርመን ሱቅ ሞልቶ የሚሸጠው የራሳቸው ባቡር ሞዴል ነው፤ የድሬዳዋን ፉርጎ የሚሸጥ አላገኘሁም። ስለዚህ በእጄ ልሥራ ብዬ አሥር ባንድ ጊዜ ጀመርኩ። የአሥሩንም ወለል ቆረጥኩ፣ የአሥሩንም ጎን ቆረጥኩ። ከዚያ የበር መያዣ መጣ። ለአንዱ ፉርጎ አራት፣ ለአሥሩ አርባ። ስስ ሽቦ ነው፣ በወረንጦ ይዞ ማጠፍ ነው። 17ኛው ላይ ልቤ ቀዘቀዘ። ሁሉንም ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ስር ወሸቅኳቸው።

መልሶ ያስነሳኝ የእርስዎ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ስመጣ፣ ከሥራ ሊወጡ ሲሉ የነገውን ቁልፍና ብሎን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ነበር የሚወጡት። እኔም እንደዚያ ጀመርኩ። ከመተኛቴ በፊት የነገዋን አንዲት ሥራ አዘጋጃለሁ፤ ከተሩን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ኮላውን። ማታ ደክሞኝ ስገባ ምን ልሥራ ብዬ አላስብም፣ ቁጭ ብዬ እነካዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ብቻ ብዬ ጀምሬ ስንት ቀን እኩለ ሌሊት ሆኖብኛል!

ሰባቱን እዚያው አልጋ ስር ትቼ ሦስቱን ብቻ አወጣሁ። ሦስት ጥሩ ቁጥር ነው። የአንዱ ቀለም እስኪደርቅ ሌላውን እሞርዳለሁ፣ እጄ ሥራ አይፈታም።

መጠናቸው 1 ለ 87 ነው፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳሉ ማለት ነው። የእኛ የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለሆነ በዚህ ልክ 12 ሚሊ ሜትር በሆነ ሀዲድ ላይ ይሄዳሉ። 10 ሜትር ፉርጎ 11 ሴንቲ ተኩል ይሆናል፣ መዳፍዎ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ፉርጎ መንኮራኩር ዘንጉ ውስጥ ኮላ ገብቶበት አልዞር ብሎኝ ነበር። ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ እንደገና ገጠምኩት። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ሄደ። አባባ፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶት ለምን ይሄን መረጥክ አለኝ። ከተማዬ ከባቡር ጋር የተወለደች ናት፣ ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው አልኩት። ስለ እርስዎም ነገርኩት።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከዚራ ሰፈር ለቡና ሲወጡ ወደ ባቡር ጣቢያው ጎራ ይበሉና ከቆሙት የዕቃ ፉርጎዎች የአንዱን በር ስፋትና ቁመት በሜትር ይለኩልኝ። እርስዎ አይጎንበሱ፣ ወንድሜ ይያዝልዎ። ቀለሙንም ጥላ ውስጥ ፎቶ ያንሳው፣ በድሬ ፀሐይ ሁሉም ነጭ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ፉርጎ በሩ ሳይገጠም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ልኬቱን እየጠበቀ ነው።

ልጅዎ