ደብዳቤ ለልጄ፦ ያ ታሪክ የእኔ አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ አይሎ ማታ ማታ አልጋችንን ግቢ አውጥተን መተኛት ጀምረናል።

ባለፈው እሑድ ያነሳሽብኝን ጉዳይ በስልክ ልመልስልሽ ድፍረቱን ስላጣሁ ነው ብዕር የያዝኩት። ከቲያትሬ ተነስተሽ የጻፍሽውን የፊልም ጽሑፍ ለውድድር ለማስገባት ቅጹን ስትሞዪ «ወጥ ድርሰት» እና «ከነባር ሥራ የተወሰደ» ከሚሉት ሁለት ዘርፎች የትኛውን እንደምትመርጪ ጠይቀሽኝ፣ መልሴን ሳትጠብቂ «የአባቴ ቲያትር የእኔም ነውና ወጥ ድርሰት ብዬ አስገባዋለሁ፤ ከሰው ተወሰደ ከተባለ ዳኞቹ ዝቅ አድርገው ያዩታል» ብለሽ ዘጋሽው። ሁለቱም ሐሳቦችሽ ትክክል አይደሉም። ለእኔ የሚቀለኝ ሁለተኛው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ኦስካር እ.ኤ.አ. በ1929 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ለጽሑፍ ከተመደቡት ሽልማቶች አንዱ ከነባር ሥራ ለተዘጋጀ የፊልም ጽሑፍ ነበርና፣ ዘርፉ በኋላ የመጣ የእንጀራ ልጅ አይደለም። የ1925ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በርናርድ ሾው ኦስካር የተሸለመው የራሱን ተውኔት «ፒግማሊየን»ን ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር ወደ ፊልም በመለሰበት ሥራ ነው። ይልቁንም ለአንቺ የምትቀርብሽ ሩት ፕራወር ጃብቫላ ናት፤ በ1975 በራሷ ልብ ወለድ ቡከር የተባለውን ታላቅ የእንግሊዝ የልብ ወለድ ሽልማት የወሰደች ደራሲ ሆና ሳለ፣ ሁለቱን ኦስካሮቿን ያገኘችው የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኢ. ኤም. ፎርስተርን ልብ ወለዶች ለፊልም በማዘጋጀት ነው። የራሷ ታሪክ ጠፍቷት ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

በእርግጥ በወጥና በተወሰደ መካከል ያለው ድንበር ለባለሙያዎቹም ግልጽ ያልሆነበት ጊዜ አለ። «ሙንላይት» የተባለው ፊልም በታሬል አልቪን መክሬኒ ተውኔት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ተውኔቱ ግን መድረክ ላይ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር ጽሑፉን በወጥነት ሸለመው፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያው ጽሑፍ ኦስካርን ያገኘው ከነባር ሥራ በተወሰደ ዘርፍ ነው። «ዊፕላሽ»ም እንደዚሁ፣ ዳሚየን ሻዜል ራሱ የጻፈው ሆኖ ሳለ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲል ከጽሑፉ ቀንጭቦ አስቀድሞ አጭር ፊልም ስለሠራበት ብቻ ኦስካር ላይ ከተወሰደው ወገን ተመደበ። ሰውየው ከራሱ እንደወሰደ ተቆጠረበት ማለት ነው! ይህ ለእኔም የበዛ ይመስለኛል። የአንቺ ጉዳይ ግን እንደዚህ የሚያከራክር አይደለም።

እኛ ለዚህ ሥራ «ውርስ ትርጉም» የሚል ስም አለን፤ ውርስ ከተባለ ደግሞ አውራሹ ማን እንደሆነ መነገር አለበት። አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ከሣጥኔ አውጥተሽ የወሰድሽው፣ በስቴንስል የተባዛው፣ ሽፋኑ ላይ «ደራሲና አዘጋጅ» ተብሎ ስሜ የተጻፈበት ቲያትር መነሻው የእኔ አይደለም። ወጣት መምህር ሳለሁ ከአንድ መጽሔት ላይ ካነበብኩት አጭር ልብ ወለድ የወሰድኩት ነው። ባሏ ርቆ የሄደባት ማንበብ የማትችል ሴት፣ ደብዳቤዋን የሚጽፍላት ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ባልየው መልስ መላክ ሲያቆም ጸሐፊው ራሱ የባልየውን መልስ እየፈጠረ የሚያነብላት መሆኑ፣ ይህ ሁሉ የደራሲው ነው።

የእኔ ምን እንደሆነም ልንገርሽ፤ በዚህ አላፍርም። ልብ ወለዱ ውስጥ የጸሐፊው ጸጸት ሦስት ገጽ ሙሉ ይወስዳል፤ ሰውየው ከራሱ ጋር ይሟገታል እንጂ አንድም ነገር አያደርግም። መድረክ ላይ ይህን ተዋናዩ ቆሞ እንዲያወራው ባደርግ ተመልካቹ እንደሚያፏጭብኝ አውቅ ነበር። ብዙ ሌሊት ካሰብኩ በኋላ ሦስቱንም ገጾች ቆርጬ፣ ሴትየዋ «ከባሏ የመጣውን» ደብዳቤ ስትቀበል ሐምራዊውን ቀለም አይታ፣ ቀጥሎ የጸሐፊውን አውራ ጣት እንድታይ አደረግሁ፤ አውራ ጣቱ በዚያው ቀለም ተነክሯል። ማንበብ አትችልም፤ ቀለም ግን ታውቃለች። አንቺም ትዕይንቱን እንዳለ አስቀርተሽዋል፤ ካሜራውን ጣቱ ላይ ማቆየትሽን ወድጄዋለሁ።

ቲያትሩ በታየ ማግስት አንድ ሸምገል ያለ ሰው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። መጋላ ውስጥ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ የመግቢያውን ከፍሎ ከኋላ ተቀምጦ አይቶናል። አልተቆጣም። «አውራ ጣቱ ያንተ ነው፤ እኔ አላሰብኩትም፤ ሴትየዋ ግን የእኔ ናት። ስሜን የት አደረግኸው?» አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ እናስተካክላለን አልኩት። የሚቀጥለው ጊዜ ሳይመጣ ሰውየው አረፈ።

በፊልሙ ዓለምም እንዲህ ያለ ዕዳ አለ። «በክዋይ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ» እ.ኤ.አ. በ1958 ከነባር ሥራ በተወሰደ ዘርፍ ኦስካር ሲሸለም ክብሩ የተሰጠው የልብ ወለዱ ደራሲ ለነበረው ለፈረንሳዊው ፒየር ቡል ብቻ ነው፤ እርሱ ግን የፊልሙን ጽሑፍ አልጻፈም። ጸሐፊዎቹ ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ሥራ እንዳይሰጣቸው በጥቁር መዝገብ ስለሰፈሩ ስማቸው ተሰውሮ ነበር። ሽልማታቸው የተመለሰላቸው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሁለቱም በሕይወት በሌሉበት ነው። እዚያ የተሰወረው ታሪኩን ወደ ፊልም የመለሱት ሰዎች ስም ነው፤ እኔ የሰወርኩት የታሪኩን ባለቤት።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለደራሲው፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይሰጣል። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቼ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ገባሁ። የሟቹ ልጅ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ አለፍ ብሎ ትኖራለች። ቡና አፍልታ ጽሑፍሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበበችኝ፤ ሴትየዋ ደብዳቤዎቹ ሐሰት እንደሆኑ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር ያልሽበት ቦታ ስንደርስ አስቆመችኝ። «ይህን አባቴ አልጻፈውም» አለች። አልጻፈውም፣ የልጄ ነው አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «ይሁን፤ የአባቴ ስም ግን በደቃቃ ፊደል እንዳይሆን» አለችና ፈቃዱን ፈረመች።

ዋናውን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ግልባጩ እኔ ዘንድ አለ። የደራሲውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጽፌልሻለሁና ሳታሳጥሪ አስገቢው። ዘርፉን «ከነባር ሥራ የተወሰደ» በዪ፤ ቅጹ የመነሻ ሥራውን በሚጠይቅበት ቦታ የእርሱን ልብ ወለድ ቀድሞ፣ የእኔን ቲያትር ከሥሩ አድርጊ። የእኔ ላይ «ደራሲ» የሚለውን ሰርዘሽ «አዘጋጅ» ብቻ በዪው።

አባትሽ