ለደንበኞቻችን፦ ስለ አሮጌ መኪና ጌጆች ጥገና

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሣሡን ባለፈው ሳምንት ተቆጥተው የመጡ አንድ ደንበኛችን ናቸው። የጠገንነውን የሙቀት ጌጅ (የሞተሩን ሙቀት በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ወደ ቤታቸው ወስደው ሙቀቱን የሚለካለትን ሴንሰር የሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት፣ መርፌው መቶን ሳይነካ ቆመባቸው። «ገንዘቤን በላችሁ» አሉን። ጌጁ ግን አልዋሸም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ኮምቦልቻ ወርደው ቢያፈሉት ሁለት ዲግሪ ያህል ይጨምር ነበር። (ንፍሮ ከቆላው ይልቅ እዚህ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው።) እኛም ከሴንሰሩ ጎን ቴርሞሜትር ሳንነክር ጌጅ አንፈትንም። እርሳቸውም ቡናችንን ጠጥተው በሰላም ሄደዋል።

«መርፌውንና ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ቀቡልኝ» የሚለን ሰውም ብዙ ነው። በፍጥነት መቁጠሪያው ውስጥ ማግኔት ይሽከረከራል፤ አንዲት ቀላል የአሉሚኒየም ጽዋንም ሳይነካት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይጎትታል። ጽዋዋንና መርፌዋን ወደ ዜሮ የምትመልሰው እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ናት። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ወፍራም ቀለም ሸክም ነው። ስለዚህ ፀሐይ ያነጣውን ብርቱካናማ መርፌ አሮጌውን ቀለም አንሥተን በስሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንቀባዋለን። የቁጥሮቹ ነጭም ከዕድሜ ብዛት ወደ ቅቤ መልክ ያደላል፤ የተላጠውን በዚያው መልክ እንሞላለን እንጂ ወተት አናስመስለውም። ከአሥር ቁጥሮች አንዱ ብቻ ሲነጣ ዐይን ይወጋል። ገጹን ቤንዚን በነካ ጨርቅ አትጥረጉት፤ ቁጥሮቹን ጨርቁ ላይ ያገኛችሁት ታውቁታላችሁ።

በጨለማ የሚያበራ ቀለም የተቀቡ በጣም አሮጌ ጌጆችን ከቶ አንፍቅም። አንዳንዶቹ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለባቸው። ማብራታቸውን ቢያቆሙም ጨረሩ አልሞተም፤ ብናኙም ወደ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው። እናንተም አትክፈቷቸው።

በአሮጌ ላንድ ሮቨር የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ካነበቡ፣ ጌጆቹን ከመፍታታችሁ በፊት 12 ቮልቱን ወደ 10 የምታወርደውን ትንሽ መቆጣጠሪያ አስፈትሹ። እርሷን መቀየር ሁለት ጌጅ ከማስጠገን ይረክሳል።

የተጓዘውን ኪሎሜትር ወደ ኋላ መልሱልን ለምትሉ መልሳችን እንደ ወትሮው ነው፦ አንመልስም። ቆጣሪው ውስጥ ጥርሱ የተበላ መዘውር ካለ እንቀይራለን፤ ንባቡን ግን እንዳመጣችሁት እናስረክባለን።

የሙቀት ወይም የነዳጅ ጌጅ ስታመጡ ሴንሰሩንም አብራችሁ አምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጌጅ ጥገና ሠራተኞች፣ ደሴ