ስንት ቀን ውጭ ስንቆይ ነው መመለስ የምንችለው?

ለአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ያለ ቪዛ ወደ አገራችሁ ከሚገቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ፓስፖርቴ የአውሮፓ ነው። እህትና ወንድሞቼ የሚኖሩት ግን እናንተ ጋ ነው። እንደኔ ቤተሰቡ በሁለት አህጉር የተከፈለ፣ ዓመቱን በመመላለስ የሚገፋ ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ያለ ቪዛ የሚፈቀድልኝን 90 ቀን ጨርሼ ከወጣሁ በኋላ፣ መልሼ ለመግባት ስንት ቀን ውጭ መቆየት አለብኝ?

ፈልጌ ፈልጌ ቁጥር አጣሁ። ሕጉ በአንድ ጉዞ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም ይላል። በሁለት ጉዞዎች መሀል ስላለው ጊዜ ግን ምንም አይልም። የሚወስነው በር ላይ ያገኘን መኮንን ነው።

ሕጉ ዝም ሲል ወሬ ይናገራል። አንዱ «የቆየኸውን ያህል ውጭ ቆይ» ይላል። ሌላው «ስድስት ወር ጠብቅ» ይላል። «ኢስታህ ለ2 ዓመት ያገለግል የለ፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚልም አለ። ኢስታ ለመሳፈር የሚሰጥ ፈቃድ እንጂ የመግባት ዋስትና እንዳልሆነ ስንቱ ያውቃል? ከሁሉም የከፋው «ካናዳ ደርሰህ ተመለስ፣ አዲስ 90 ቀን ይሰጡሃል» የሚለው ነው። ካናዳ፣ ሜክሲኮ ወይም ካሪቢያን ደሴቶች ደርሶ ለሚመለስ ሰው በአብዛኛው የሚሰጠው ከመጀመሪያው 90 ቀን የተረፈው ብቻ ነው። እዚያ ያሳለፈው ቀንም ይቆጠርበታል። ይህን ሳያውቅ ከ90ው ቀን በላይ አንድ ቀን እንኳ የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ ያለ ቪዛ የመግባት ዕድሉን ያጣል።

አንዲት እናት አስቡ። ልጇ ወልዳ ልትጠይቃት መጥታ 80 ቀን ቆየች። ቀኗን ጠብቃ ወጣች። ከሁለት ወር በኋላ ልጇ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው ተባለ። ይቺ እናት ቲኬት ትቁረጥ ወይስ አትቁረጥ? ሕግ አልጣሰችም። ግን «ትገቢያለሽ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚነግራት ሰው የለም።

ከበር ብትመለስ ምን አለበት እንዳትሉ። ያለ ቪዛ የሚገባ ሰው ጥገኝነት ካልጠየቀ በቀር የመኮንኑን ውሳኔ የመከራከር መብቱን አስቀድሞ ትቷል። ከበር ከተመለሰ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞ ኤምባሲ ሄዶ ቪዛ መጠየቅ ሊኖርበት ነው። «ታዲያ ከመጀመሪያው የጎብኚ ቪዛ ለምን አትወስዱም?» ይባላል። እሱም የራሱ ፍርሃት አለው። ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ ወይ የሚል ጥያቄ ኢስታው ላይ አለ። በእጅ ያለውን ላለማጣት ሰው ኤምባሲ መሄዱን ይሸሻል።

የዚህ አሠራር ዓላማ ይገባኛል። በ1986 በሙከራ ተጀምሮ በ2000 ቋሚ የሆነው ለጉብኝትና ለአጭር የሥራ ጉዞ እንጂ ለመኖሪያ አይደለም። እየወጣ እየገባ እዚያው የሚኖረውን መኮንኑ መለየት አለበት። ግን በመካከላቸው ያለ ድንበር ቁጥጥር የሚኬድባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የሼንገን አገሮች የሚባሉትም፣ ይኸው ስጋት አለባቸው። እነሱ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አይቻልም ብለው ጻፉት። ጥብቅ ነው፤ ብዙ ሰው ያማርራል። ግን ይቆጠራል። ካላንደር ይዞ የተቀመጠ ሁሉ የሚመለስበትን ቀን ያውቃል።

እናንተም መቁጠሩን አልተዋችሁም። አይ-94 በተባለው ገጻችሁ ላይ የገባሁበትና የወጣሁበት ቀን ተመዝግቦ አያለሁ። እዚያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ ይህን ያህል ቀን ውጭ የቆየ ተጓዥ በቀድሞ ቆይታው ምክንያት ብቻ ከበር አይመለስም የሚል።

ቁጥር ማውጣቱ ከከበዳችሁ፣ መኮንኑ የሚያያቸውን ነገሮች ጻፉልን። የመመለሻ ቲኬት ነው? የቤት ኪራይ ውል ነው? የአሠሪ ደብዳቤ ነው? የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ እንወቅና ይዘን እንምጣ። ከበር የተመለሰ ሰውም ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ይሰጠው።

ወንድሜ ለሚቀጥለው ክረምት ጠርቶኛል። ቲኬቱን ሳልቆርጥ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁልጊዜ ቀኑን ጠብቆ የወጣ ተጓዥ