ለጅማ ከተማ ከንቲባ፦ የቦዬን ጭቃ የሚመዘግብ ደብተር አለን

ለጅማ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጅማ

የተከበሩ ከንቲባ፣

በከተማችን በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ግን የምገኘው ቦዬ ረግረግ ዳር ነው። ብቻዬን አይደለሁም፤ ተማሪዎች አሉ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ዕድሜያቸውን በቡና ሥራ ያሳለፉ አንድ ጡረተኛ አባትም አሉ። ያየነውን ወፍ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ምን ሲያደርግ እንዳገኘነው በቴሌግራም እንለዋወጣለን። ማታ ደግሞ እኔ ደብተር ላይ አሰፍረዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለዚያ ደብተር ነው። የሚቀበለን መሥሪያ ቤት አጥተናል።

ዘንድሮ መስከረም ማብቂያ ላይ የሆነውን ልንገርዎ። ከብቶች እየጋጡ ወደ ውሃው ሲጠጉ ከአንዲት ላም እግር ሥር ቡናማ ወፍ ብድግ አለ። ድምፅ አላሰማም። ቀጥ ብሎ ጥቂት በረረና ተመልሶ ሣሩ ውስጥ ገባ። ስናይፕ የሚባለው ረጅም ምንቃር ያለው የጭቃ ወፍ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ አገራችን የሚኖር አለ፣ በየዓመቱ ከአውሮፓ የሚመጣም አለ። የተለመደው መጤ ስናይፕ ሲነሳ ይጮኻል፣ ወዲያና ወዲህ እየተጣመመ ይሸሻል። ይሄኛው ዝምተኛ ነበር፤ ሆዱ ዥንጉርጉር፣ የጅራቱ ዳርና ዳር ነጭ። «ታላቁ ስናይፕ ነው» ብዬ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ። ወዲያው ጥያቄው ዘነበብኝ፤ ሆዱን በደንብ አይተኸዋል? ክንፉ ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦችስ? ልማዳችን ነው፤ ብርቅ ወፍ በአንድ ሰው ዐይን ብቻ መዝገብ አይገባም። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ሄደው እዚያው አካባቢ አገኙት፣ አንዷ ተማሪ ፎቶ አነሳችው። ደብተሩ ላይ ያሰፈርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ወፍ ከስካንዲኔቪያ እስከ ሩሲያ ባሉ ረግረጎችና ሣራማ መሬቶች የሚራባ ነው። ቁጥሩ እየቀነሰ በመምጣቱ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ውስጥ ለአደጋ ከተቃረቡት ጋር ተመድቧል። የስዊድን ተመራማሪዎች ትንንሽ መሣሪያ አስረውባቸው በተከታተሏቸው ጊዜ፣ ከስዊድን ተነስተው ከሰሃራ በታች እስኪደርሱ ያለ ዕረፍት ከ4,300 እስከ 6,800 ኪሎ ሜትር በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚበሩ ደረሱበት። በሌላ ጥናት አንዱ ወፍ 8,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተገኝቷል፤ የራስ ዳሽንን እጥፍ ሊያህል ጥቂት የቀረው ማለት ነው። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ወፍ ነው ይህን የሚያደርገው። እኛ ጋ የሚያልፉት ስናይፖች ከየትኛው ረግረግ እንደተነሱ ባላውቅም፣ ሩቅ አገር ተነስተው ከስተው እንደሚደርሱ ግን አውቃለሁ።

ሲደርሱ የሚፈልጉት ለስላሳ ጭቃ ነው። ምንቃራቸውን እስከ ሥሩ ድረስ ጭቃው ውስጥ ይሰኩታል፤ ጫፉ ስሜት አለው፣ ትሉን ሳያዩት በመንካት ያገኙታል። መሬቱ ከደረቀ ምንቃሩ አይገባም። ቀይ አፈርና የግንባታ ፍርስራሽ ከተደፋበት ደግሞ ትሉም አይኖርም።

የተደፋውም እሱ ነው። ወፉን ካየን ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ የቆምንበት የሣር ዳር በአፈር ክምር ተሸፍኖ አገኘነው። መኪናው የማን እንደሆነ አላየንም። ፎቶውንና ደብተሩን ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ፤ ስሙን እዚህ ማንሳት አልፈልግም። የተቀበለኝ ሰው ጨዋ ነበር፣ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «መምህር፣ ወፍ እኮ ክንፍ አለው፤ ሌላ ቦታ ይሄዳል» አለኝ። ደብተሩን መለሰልኝ። የሚያስቀምጥበት ፋይል እንደሌለም ነገረኝ።

የተከበሩ ከንቲባ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም። ወዴት ይሄዳል? ወደ ቂጦ ረግረግ? ቂጦም በእርሻና በባሕር ዛፍ እየተበላ ነው። ወደ ቆፌ? የቆፌ ረግረግ ከኢትዮጵያ ጠቃሚ የወፍ አካባቢዎች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ እሱም ቢሆን የቀድሞው አይደለም። በጅማ ዙሪያ ያሉትን ረግረጎች ያጠኑ የዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ነገሮች እነዚሁ ናቸው፤ ውሃውን በቦይ ማጠንፈፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ለሸክላ ጡብ ጭቃ መቆፈር፣ ቆሻሻ መድፋት። ጡብ የሚሠሩትን ወጣቶች አልወቅስም፤ እንጀራቸው ነው፣ ሌላ ቦታ ሳይሰጣቸው ተነሱ ማለትም ፍርድ አይሆንም።

ቦዬን ደግሞ ለወፍ ብቻ ብለው አይዩት። የአዌቱ ወንዝ ከተማችንን አቋርጦ የእኛኑ እጣቢ ተሸክሞ ወደዚያ ይወርዳል። ረግረጉ ውሃውን አዘግይቶ ደለሉን ያስቀራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ውሃው ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ የሚሄደው። ከታች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኃይል የሚያመነጭ 184 ሜጋ ዋት ግድብ አለ። እዚህ የምንደፋው አፈር እዚያ ደለል ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችን ነው ይላል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። አገራችን የአፍሪካና የዩሬዥያ ስደተኛ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገው ስምምነት አባል ናት። ስለ ሕጉ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልገኝም፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

መዝገብ ለምን እንደምወድ ግን ልንገርዎ። ቀጭን ምንቃር ያለው ከርሊው የሚባል የውሃ ዳር ወፍ ነበር። በሳይቤሪያ ተራብቶ የብርዱን ወራት በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሳልፍ ነበር። ማንም የማይጠራጠርበት የመጨረሻ እይታው እ.ኤ.አ. የካቲት 1995 ሞሮኮ ውስጥ መርጃ ዘርጋ በሚባል ውሃ ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። የመጨረሻውን ዓመትና ቦታ ዛሬ የምናውቀው እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ቆመው ስላዩና ስለጻፉ ነው። መዝገቡ ተሰብስቦ ሲነበብ ግን ወፉ አልነበረም። የእኛ ደብተር ወፎቹ ገና እየመጡ ሳሉ እንዲነበብ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ ደብዳቤ ግልጽ ቢሆንም ግልጽ ያላደረግኩት። ስናይፑን ያየንበትን ትክክለኛ ቦታ አልጻፍኩም። በቴሌግራምም አንጽፈውም። በተለይ ክሬን የሚባሉትን ባለ ረጅም እግር ወፎች፣ አክሊል ያላቸውን ጥቁር ክሬኖችና የጉሮሮ ቆዳቸው የተንጠለጠለውን ትልልቅ ክሬኖች ጎጆ በተመለከተ እርስ በርሳችን እንኳ የምንነጋገረው በአካል ነው። ትልቁ ክሬን ብዙ ጊዜ የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ ወንጭፍ የያዘ አንድ ልጅ ወይም ፎቶ ሊያነሳ የተጠጋ አንድ ጉጉ ሰው የዓመቱን ልፋት ያጠፋዋል። አዲስ የገባ ተማሪ በደስታ ቦታውን ሲለጥፍ ወዲያው እንዲያጠፋው እንለምነዋለን። ስለዚህ መዝገባችንን ለሕዝብ ሁሉ ልንበትነው አንችልም። በኃላፊነት የሚይዘው፣ ስሙን የምናውቀው፣ ስንደውል የሚያነሳ አንድ ሰው ያስፈልገናል።

የምለምንዎ ይኸው ነው። ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችዎ አንዱን ይመድቡልን። በቦዬ፣ በቂጦና በቆፌ አካባቢ መሬት ከመሰጠቱ በፊት ያ ሰው መዝገቡን ይክፈትና የሚለውን ይናገር። የቦዬ ወሰን በችካል ይለይ፤ የት ድረስ ረግረግ እንደሆነ በመሬቱ ላይ ካልታየ የመኪና ሹፌሩም አፈሩን የት እንደሚደፋ አያውቅም። የቦይ ጠረጋና ሌላ ግድ የሆነ ሥራ ካለም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ እንዲሁም ወፎቹ ወደ ሰሜን በሚመለሱበት መጋቢትና ሚያዝያ ባይሆን። ገንዘብ አንጠይቅም። ቆጠራውን እኛው እንቀጥላለን።

ስናይፑ አሁን ወደ ደቡብ ሳይሄድ አይቀርም። ሌሎቹ ግን አሉ፤ ጭራቸውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያደርጉት ትንንሾቹ የውሃ ዳር ወፎች እስከ መጋቢት ይቆያሉ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦዬ እንገኛለን። ቢመጡ ባይኖኩላር እኛ ጋ አለ፤ ቦቲ ጫማ ግን ይዘው ይምጡ፣ ጭቃው ያሰጥማል። ደብተሩን አመጣለሁ። ስናይፑ የተነሳበትንም ቦታ ለእርስዎ በእጄ አሳይዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.