‹‹ምንም አትሠራም›› ብዬ የሞላሁት ቅጽ፦ ለከተማችን ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

የከተማችን ነዋሪዎች በየትኞቹ የኢኮኖሚ ዘርፎች እንደተሰማሩ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ መሥሪያ ቤትዎ ባወጣ ቁጥር አነበዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሰው ኃይል ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ እሞላ ነበርና፣ እነዚያ በንጽሕና የተደረደሩ ቁጥሮች ከምን ዓይነት ደጃፍ እንደሚለቀሙ አውቃለሁ።

አንድ ቀን በር የከፈተልኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። እናቱ ምን እንደምትሠራ ጠየቅኩት። ‹‹ምንም አትሠራም፤ ቤት ነው የምትውለው›› አለኝ። ከጀርባው የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል፤ ቆም ይልና እንደገና ይቀጥላል። ፀሐዩ በርትቷል፣ የቀሩኝም ቤቶች ብዙ ናቸው። ሥራ የላትም ብዬ ሞላሁና ወደሚቀጥለው በር ሄድኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም ላይ አላላክክም። ሆኖም ቅጹ ላይ ‹‹መልሱን የሰጠው ማን ነው?›› የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ፣ ከእኔ በኋላ ወረቀቱን የሚያየው ሰው ቢያንስ ይጠረጥር ነበር። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት አንድ ሰው በተጠየቀበት ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ብሎ አንዲት ሰዓት ከሠራ ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። አንዲት ሰዓት! ያቺ ሴት እኔ ሰፈሩን ዞሬ ሳልጨርስ መስፈርቱን ሳታሟላ አልቀረችም።

እሺ፣ አስጠርቼ ራሷን ጠየቅኳት እንበል። የት ነበር የምመድባት? ለዚህ የምንጠቀምበት ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ተግባራት ምደባ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ለረጅም ጊዜ የሠራንበት አራተኛው ክለሳ ሥራን ሁሉ በ21 ዋና ዋና ክፍሎች ይከፍላል፤ በ2023 ደግሞ አምስተኛው ክለሳ ጸድቋል። በአራተኛው ክለሳ ሴትዮዋ በደንበኛ ልክ አዲስ ቀሚስ ከሰፋች ማኑፋክቸሪንግ ውስጥ ትገባለች፤ የረዘመ ሱሪ ካሳጠረች ግን ‹‹ሌሎች አገልግሎቶች›› ውስጥ። ወንበሩ ያው፣ መኪናው ያው፣ ክሩም ያው። ጥገናም እንዲሁ ነው። የፋብሪካ ማሽን የሚጠግነው ሰው በማኑፋክቸሪንግ፣ መኪና የሚጠግነው በንግድ፣ ጫማ የሚጠግነው በሌሎች አገልግሎቶች ይመዘገባል። ሠንጠረዡ ላይ ‹‹ንግድ›› የሚለውን አይቶ ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ መካኒክ የሚታየው አንባቢ ካለ ልተዋወቀው እወዳለሁ።

ምደባው ይለወጥ እያልኩ አይደለም። ከተሞች የሚነጻጸሩበት የጋራ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ሁሉን የሚያስደስት ድልድልም አይገኝም። ቅሬታዬ ጽሕፈት ቤትዎ ይህን አንድ ሠንጠረዥ ብቻውን አውጥቶ ዝም ማለቱ ላይ ነው። የኢኮኖሚ ዘርፍ አሠሪው ድርጅት የተሰማራበት ጉዳይ እንጂ ሠራተኛው በእጁ የሚሠራው አይደለም። የሆስፒታል ሾፌር በጤና ዘርፍ፣ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ በማኑፋክቸሪንግ ይቆጠራል። አንድ ሆስፒታል የራሱን የጽዳት ሠራተኞች አሰናብቶ ሥራውን ለጽዳት ድርጅት በኮንትራት ቢሰጥ፣ ያቺው ሴት ያንኑ ኮሪደር በዚያው መጥረጊያ እየጠረገች ከጤና ዘርፍ ወጥታ ‹‹አስተዳደራዊና ድጋፍ ሰጪ አገልግሎት›› ውስጥ ትገባለች። በማግስቱ የድጋፍ አገልግሎት ዘርፍ አድጓል የሚል ሪፖርት ይነበባል። ከእርሷ አንጻር የተለወጠው ግን የሚከፍላት ድርጅትና የውሏ ዓይነት ነው፤ ያ ደግሞ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለቃላት ጠብ አይደለም። በሠንጠረዡ ላይ ሌሎች ይመካሉ። የአውቶቡስ ሰሌዳ የሚያወጡ ሰዎች አብዛኛው ሠራተኛ በአገልግሎት ዘርፍ ነው የሚለውን አይተው የቢሮ መግቢያና መውጫ ሰዓትን ይከተላሉ። አገልግሎት በሚለው ቃል ሥር ግን ጎህ ሳይቀድ የሚወጣው የጥበቃ ሠራተኛ፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስና ምግብ ቤት ዘግቶ እኩለ ሌሊት ወደ ቤቱ የሚመለሰው አስተናጋጅ አሉ። ለእነርሱ የመጀመሪያው አውቶቡስ ይዘገያል፣ የመጨረሻው ይቀድማል።

ሌላም አለ። የእርስዎ ሠንጠረዥ የሚቆጥረው በከተማው የሚያድሩትን ነው፤ በከተማው የሚሠሩትን አይደለም። የቤት ኪራይ ከከተማው ክልል ወጣ ወዳለ ስፍራ የገፋው የፋብሪካ ሠራተኛ ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል፤ የእኛንም መንገድና ውኃ ይጠቀማል፤ በነዋሪዎች ሠንጠረዥ ግን የለም። የድርጅቶች ቆጠራ እርሱን ያገኘዋል፤ በአንጻሩ በሩ ላይ ታፔላ የሌለውን የልብስ ሰፊዋን ቤት አልፎ ይሄዳል። ሁለቱ ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ቢታተሙ፣ የማይገጥሙበት ቦታ ራሱ ትልቅ መረጃ ይሆናል። እስከ ዛሬ በአንድ ጥራዝ አላየኋቸውም። ከተማ አስተዳደሮች ደግሞ ትልልቅ ፋብሪካ ለመሳብ ሲሮጡ በየግቢው ያለውን ትንሹን ፋብሪካ ይረሳሉ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ ያለው ነገር አይደለም። እኔ በሞላሁት ቅጽ ላይ ሙያ ተጠይቆ ነበር፤ ሰውየው ተቀጣሪ ይሁን በራሱ የሚሠራ ወይም ያለ ክፍያ ቤተሰቡን የሚያግዝም ተጠይቆ ነበር። የእርስዎም መጠይቅ እነዚህን ሳይጠይቅ እንደማይቀር እገምታለሁ። እንግዲያው ከዘርፉ ጋር አጣምራችሁ አውጡት፤ የናሙናው መጠን የማይፈቅድ ከሆነም ዘርፎቹን ጠቅለል አድርጋችሁ አውጡት። በሚቀጥለው ዙር ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ የሥራው ቦታ የት እንደሆነና ሰውየው ሁለተኛ ሥራ ያለው እንደሆነ። ቀን አስተምሮ ማታ ታክሲ የሚነዳው መምህር በትምህርት ዘርፍ ብቻ ሲታይ የደመወዙ ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። መልስ ሰጪው ማን እንደነበረም ይመዝገብ።

ለመረጃ ሰብሳቢዎችም ጊዜ ይሰጣቸው። በቀን ይህን ያህል ቤት ጨርሱ የሚባል ሰው ከበሩ ጀርባ ድምፅ ቢሰማም እንዳልሰማ ያልፋል። እኔ አልፌያለሁ። ያ ቤት በዕጣ ለእናንተ ናሙና ደርሶ እንደሆነ፣ የሚላከው ልጅ እናትየውን አስጠርቶ ራሷን ይጠይቅልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ