የ«ፖሽ»ን ነገር እንደገና እዩልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዝና አሜሪካ የአራዳ ቃላት ያወጣችሁትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምሥራቅ ለንደን የመንገድ ገበያ ውስጥ አትክልት ስሸጥ 19 ዓመቴ ነው። እነዚህን ቃላት የሰማኋቸው ድንችና ሽንኩርት እየመዘንኩ ነው። ለዚህ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ።

ሁለቱ ላይ ተሳስታችኋል። «ፖሽ» የሚለው የሀብታም፣ የባለ ደረጃ ቃል ከመርከብ ትኬት የመጣ ነው ብላችኋል። ወደ ህንድ ሲኬድ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ፣ ጥላ ያለበት ክፍል የሚይዙ ሀብታሞች ትኬት ላይ የሚጻፍ፣ «ፖርት አውት፣ ስታርቦርድ ሆም» ለሚለው ምህጻረ ቃል ነበር አላችሁ። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ትኬት እስከ ዛሬ አንድም አልተገኘም። ለፖሊስ የሚባለውን «ኮፕ»ንም ምህጻረ ቃል አድርጋችሁታል። አይደለም። «ኮፕ» የድሮ ግስ ነው፣ መያዝ፣ ለቀም ማድረግ ማለት ነው። «ኮፐር» እንግዲህ ለቃሚው ነው። የለንደኑ «ቦቢ» ግን ከሰው ስም ነው የመጣው። በ1829 የለንደንን ፖሊስ ያቋቋመው ሮበርት ፒል ነው፤ ሮበርትን ደግሞ ሲያቆላምጡት ቦብ ይሉታል።

«የእነዚህ ቃላት መጀመሪያ ፊደል ተሰብስቦ ነው» የሚባል ታሪክ ስትሰሙ ጠርጥሩ። አብዛኛው ኋላ የተፈጠረ ነው። እውነተኛ ከሆኑት ጥቂቶች አንዱ «ኦኬ» ነው፣ እሱን ደግሞ ጭራሽ አላነሳችሁትም። በ1839 ቦስተን ውስጥ ጋዜጠኞች ሆን ብለው ፊደል እያሳሳቱ በምህጻረ ቃል ይቀልዱ ነበር። «ኦል ኮሬክት» ማለትን፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል»ን፣ ሁለቱንም ቃል በእንግሊዝኛው «ኦ» እና «ኬ» ፊደል እንዲጀምሩ አበላሽተው ጻፉትና «ኦኬ» አሉት። በፈረንጆቹ ማርች 23 ቀን «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» የሚባለው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዓመቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ መጣ። ተወዳዳሪው ማርቲን ቫን ቡረን ኒው ዮርክ ውስጥ ያለችው የኪንደርሁክ ልጅ ነበር። ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ብለው ያንኑ ሁለት ፊደል መፈክር አደረጉት። ሌሎቹ ቀልዶች ሞቱ፣ ይሄኛው ዓለምን ዞረ። ይህን ሁሉ በ1960ዎቹ አሮጌ ጋዜጦችን ገልጦ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል ምሁር ነው። የጋዜጣ ሰዎች ስለሆናችሁ ይሄ የቤታችሁ ታሪክ ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ቃሉን ለሀብታም መርከብ ተሳፋሪ ስትሰጡት፣ ቃላቱን የፈጠሩት ድሆች ይረሳሉ። «ፓል» ጓደኛ ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሮማ ሕዝብ፣ ጂፕሲ ከሚሏቸው (ከሮም ከተማ ሰዎች አይደለም)፣ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ በእነሱ አፍ ወንድም ማለት ነው። ሰዉ ሮማዎችን ከየሰፈሩ እያባረረ ቃላቸውን አስቀረ። «ብላይቲ»ንም ውሰዱ። ሥሩ ዓረብኛ ነው፣ በፋርስና በኡርዱ በኩል አልፎ ህንድ ውስጥ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች አፍ ገባ። ህንዶቹ «የባሕር ማዶ» ለማለት የሚጠቀሙበት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ለተኛው ወታደር ግን «አገር ቤት» ሆነ። የማትገድል ነገር ግን ወደ አገር የምታስመልስ ቁስልን ራሷን «ብላይቲ» ይሏት ነበር። «አገር ቤት» የምትለዋን ቃል እኛ ስደተኞች እንዴት እንደምንላት ታውቃላችሁ። እኛ ዘንድ ካኪ ፖስታ የምንለው «ካኪ»ም በዚያው መንገድ የመጣ ነው፣ አቧራማ ማለት ነው።

ገበያችን ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ድንች የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ነበር። 20 ፓውንድን «ስኮር» ይላል። አንድ ዝናባማ ማክሰኞ ገዢ ጠፍቶ ቆመን ሳለ ለምን እንደሚሉት ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም። ሰንጢውን ከኪሱ አውጥቶ የሳጥኑን እንጨት ጠርዝ መጫር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ። ሃያኛዋን ረዘም አድርጎ በደንብ አጠለቃት። «ይሄ ነው ስኮር» አለኝ። ኋላ ሳጣራ ልክ ነው። ከጥንት የሰሜን አውሮፓ (የኖርዲክ) ሰዎች ቋንቋ የመጣ፣ ጭረት ማለት ነው፣ ሃያም ማለት ነው። እናቴ ጎንደር ወተት ስትሸጥ የዱቤዋን ሒሳብ ከበሩ ጀርባ በከሰል እየጫረች ነበር የምትይዘው። ያን ሳጥን ሳይ ያ በር መጣብኝ።

የገበያ ሰው ከገዢ ተሰውሮ የሚያወራበት ነገር አያጣም። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሁ በ1851 የለንደንን አትክልት ሻጮች ንግግር ሲመዘግብ ቃል ገልብጠው እንደሚናገሩ ጽፏል። ዛሬ ባለጌ ጎረምሳ የሚባልበት «ዮብ» የተገለበጠ «ቦይ» ነው። ቤት መምቻውም የዚሁ ሰፈር ነው። «ቡቸርስ ሁክ»፣ የሥጋ መስቀያው ሜንጦ፣ «ሉክ» ከሚለው ጋር ቤት ይመታል። ከዚያ ሁለተኛውን ቃል፣ «ሁክ»ን፣ ይተዉታል። ስለዚህ አንዱ «ቡቸርስ» ካለሽ እይልኝ ማለቱ ነው። እኛስ ልጆች ሆነን የወፍ ቋንቋ አላወራንም? አዝማሪዎቻችንስ የራሳቸው ቋንቋ የላቸውም? እሱንም አንድ ቀን ጻፉልን።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከቃሉ አጠገብ የየትኛው አገር እንደሆነ ጻፉ። ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ አንድ ማታ «ፒስድ» ነኝ ብሎ በስልክ ጻፈልኝ። ለንደን ይህ ሰክሬያለሁ ማለት ነው። ደንግጬ ለእናቱ ደወልኩ፣ ቤቱ ታመሰ። ልጁ ለካ በሥራው ተናዶ ነው። አሜሪካኖቹ ለንዴት ነው የሚሉት። ይቅርታ ብጠይቀውም ለሁለት ወር አኩርፎኝ ነበር። «ላቭ»ንም «ፍቅሬ» ብቻ ብላችሁ አትተርጉሙት። የገበያችን ወንዶች ለሴት ገዢ ሁሉ «ላቭ» ይላሉ። የመርካቶ ነጋዴ «የኔ እናት፣ ምን ልስጥሽ?» እንደሚለው ነው። አዲስ የመጣች ልጅ ትርጉማችሁን አንብባ እንዳትሸማቀቅ።

«ኩል»ን «አሪፍ» ብላችሁ መተርጎማችሁ ግን በጣም ተመችቶኛል። «ኩል»ን በዚህ ትርጉሙ ያስፋፉት የጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ተጫዋቾች ናቸው። የእኛው «አሪፍ» ደግሞ ከዓረብኛ ነው፣ አዋቂ ማለት ነው። የ«ፖሽ»ንና የ«ኮፕ»ን ማረሚያ ስታወጡ ይህችንም ከጎኗ አስገቡልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከምሥራቅ ለንደን